በመወሰኛ ቤት የቆየሁባቸው ሦስት ቀናት

የዚያችን ከተማ ስም አልጽፍም። ነዋሪዎቿ ውስጧ ሳሉ «እዚህ» ይሏታል፤ ሲወጡ ደግሞ «እዚያ» ይሏታል፤ ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ስም አስፈልጓቸው አያውቅም። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት «እዚያ» ስላት ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ አደባባዩ ላይ አወረደኝና «እዚህ» አልኳት። አፌ ግን አልተቀበለውም።

የመጣሁት ለሦስት ቀን ነበር። የመመለሻ ቲኬቴ ኪሴ ውስጥ ነበረ። እኔ የመመለሻውን ሳልይዝ ገበያ እንኳን የማልሄድ ሰው ነኝ። ጉዳዬም አንድ ብቻ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱን ማየት፣ ወይም ማየት እንደሌለብኝ ማወቅ።

አባቴ አዱኛ የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ነበር። የዚያን ጊዜው ንጉሥ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ሰማይ ማየት ይወዱ ነበር፤ ብርድ ግን አይወዱም። ስለዚህ የመኝታ ቤታቸው ኮርኒስ ሰማይ ሆኖ እንዲሣል አዘዙ። አባቴ በእንጨት ርብራብ ላይ ቆሞ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠራው። በስድስተኛው ዓመት አንገቱ እንደዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ማየት አልቻለም። ጎረቤቱ ሁሉ «አዱኛ ኮራ፤ ቤተ መንግሥት ከገባ ወዲህ ሰው አያይም» ብሎ አማው። እሱ ግን እንጀራውን በዳሰሳ ይጠቀልላል፣ ደረጃውን በእግሩ ጣት እየፈለገ ይወርዳል፣ ሰላምታ ሲሰጡት ለደመናው የሚመልስ ይመስላል።

እኔ መሬት ላይ ስቆም አያየኝም ነበር። ሊያየኝ ሲፈልግ በብብቴ ይዞ ከራሱ በላይ ያነሣኝና «አሁን አየሁህ!» ይለኛል። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳየው ቅንድቡ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ደርቆ ይታየኛል። እናቴ በዘይት እያሸች ልታስለቅቀው ትሞክር ነበር። በማግስቱ እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል።

«ምን ሣልክ ዛሬ?» እለዋለሁ።

«ሰማይ።»

«ሰማዩ ላይስ?»

«ምዬአለሁ እኮ፣ ልጄ።»

በቤተ መንግሥቱ የሚሠራ ሁሉ ያየውን ላይናገር ይምል ነበር። አባቴ መሐላውን ጠበቀ። ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ አልነበሩም፤ የት እንደሄዱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባቴ ግን ከዚያም በኋላ አልተናገረም። «የማልኩት ለሳቸው አይደለም፣ ለመሐላው ነው» አለ።

አገሩ በዚያ ዘመን በየዓመቱ አንድ ልጅ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ይልክ ነበር። ልጁ ምን ተምሮ እንደሚመለስ፣ ይመለስ እንደሆነም የሚከታተል ክፍል ግን አልተቋቋመም። የተላክሁት እኔ ነበርኩ። በዚያ በሩቁ አገር የተማርኩት ትልቁ ነገር ያለ ማስረጃ አለማመን ነው። አስተማሪዎቻችን እያዞሩ ኮርኒስም አሳዩን። ሜዳ የሚያካክሉ ኮርኒሶች፣ ሰው አፉን ከፍቶ የሚዞርባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዘኝ፤ የአባቴ ሰማይ ትንሽ ቢሆንስ? የሱቅ ታፔላ ላይ የሚቀባ ዓይነት ሰማያዊ ቢሆንስ? አንድ ሰው አንገቱን የሰጠው ለዚያ ከሆነስ?

አባቴ የሞተው እኔ እዚያ ሳለሁ ነው። ደብዳቤው አራት ወር ቆይቶ ደረሰኝ። አንገቱን ማቃናት ስላቃታቸው ሣጥኑን ከራስጌው ከፍ አድርገው እንዳሠሩለት ተጽፎበታል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጋሽ ልሳኑ ጻፉልኝ። ጋሽ ልሳኑ ለአባቴ ቀለም ይበጠብጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የቤተ መንግሥቱ ጠባቂ ሆነዋል። ደብዳቤያቸው ሦስት መስመር ነበር፤ «ቤቱ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። የአባትህ ክፍል እስካሁን አልተነካም። ማየትህ ካልቀረ ቶሎ እየው።»

ስለዚህ መጣሁ። ካየሁ በኋላ ከማፈር ግን ሳላይ መመለስ ይሻላል የሚል ሐሳብ በመንገድ ሁሉ አልተለየኝም።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ስሜን ሳይጠይቀኝ «ወሰኑ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ገና ነዎት ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ብዙ ጊዜ አለዎት።» ቁልፍ ሰጠኝ።

መንገድ ላይም ሰዎች እንዲሁ ነው ሰላም የሚባባሉት። «እንዴት አደሩ፣ ወሰኑ?» «ገና፣ ተመስገን። እርስዎስ?» «እኔም እንዳው ሳመነታ ነው የከረምኩት።» የወሰነ ሰው ሲያጋጥማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፉታል።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። ቤተ መንግሥቱ በተከፈተ ሰሞን አንድ ጎብኚ ሲወጣ «ቀኔን በከንቱ አጠፋሁ» ብሎ ተናገረ። ከተማዋ አፈረች። ዳግመኛ እንዳታፍርም ደንብ አወጣች፤ ማንም ሰው ቤቱ መታየት እንደሚገባው አስቀድሞ ሳይወስን እንዳይገባ። የሚወሰንበትም ቤት ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ተሠራ። የመወሰኛ ቤት ይባላል። ሦስት ፎቅ ነው፣ ምግብ ቤት አለው፣ ለሚያመነቱ ሰዎች የተመቸ ወንበር አለው። ከመስኮቱ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ስልሳ እርምጃ ይሆናል። አስተዳዳሪው ሊቀ ሚዛን ይባላሉ፤ ማንንም ተቆጥተው የማያውቁ፣ እጃቸው የሳሙና ሽታ ያለው ሰው ናቸው።

«ደንቡ አጭር ነው» አሉኝ። «‹ይታይ› ካሉ ይገባሉ። ‹አይታይ› ካሉ ይሄዳሉ። ለመወሰን የሚረዳዎት ናሙና ከፈለጉ ደግሞ እናቀርባለን። ቸኩሎ የሚወስን ሰው አንወድም።»

መጀመሪያ የበር እጀታ አቀረቡልኝ፤ የአንበሳ መዳፍ የመሰለ ናስ።

«እጀታው ስለ በሩ ምን ይነግረኛል?» አልኳቸው።

ሊቀ ሚዛን ዓይናቸው በራ። «ግሩም ጥያቄ!» ከሰዓት በኋላ በሩ ራሱ ቀረበ። አራት ሰው ተሸክሞት መጣ።

እኔ የዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር ጠርጣራ ተብዬ ግብዣ ላይ ሳልጠራ የቀረሁ ሰው፣ አሁን ጥርጣሬዬን በጭብጨባ ይቀበሉት ጀመር። አዳራሹ ውስጥ ከኔ በፊት የነበሩ ተጠራጣሪዎች ያስመጧቸው ናሙናዎች ተደርድረዋል፤ አሥራ አራት ደረጃዎች፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ አንድ መስኮት ከነመጋረጃው። በቡሽ የተከደነ ትልቅ ብርሌም አለ። «ከዙፋን ክፍሉ የተወሰደ ጸጥታ» የሚል ተጽፎበታል። ማንም ከፍቶት አያውቅም። እኔ እነዚህን ሁሉ ከመጋዘን የሚያወጧቸው መስሎኝ ነበር። ማስረጃ ጠያቂ ነኝ የምለው ሰው፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅሁም።

ከኔ አጠገብ የሚቀመጡት ወይዘሮ አስካለች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ ከመጡ አራተኛ ወራቸው ነው። የምጠይቀውን ሁሉ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

«እርስዎ የት ነው የተማሩት?» አሉኝ።

«ሩቅ።»

«ያስታውቃል። እኛ እዚህ ስንጠረጥር እንደክማለን፤ እርስዎ ግን እየጠረጠሩ ያርፋሉ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሊቀ ሚዛን «ምሉዕ ተጠራጣሪ» የሚለውን ማዕረግ ሰጡኝ። በዚያ ቤት ጠያቂ፣ ተጠራጣሪ፣ ምሉዕ ተጠራጣሪ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ የመጨረሻውን በሁለት ቀን ያገኘ ሰው የለም ተባለ። ሁሉም ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ በመስኮቱ ቤተ መንግሥቱን አየሁት። በሩ ክፍት ነበር። ከዚያው ብነሣና «ይታይ» ብል፣ ስልሳ እርምጃ ሄጄ ከአባቴ ሰማይ ሥር እቆማለሁ። አልተነሣሁም። ሙሉውን አይቼ ከማዝን ትንሹን አስቀድሜ ልቅመስ አልኩ፤ ትንሹ መጥፎ ከሆነ ትልቁን ሳላይ በቲኬቴ እመለሳለሁ።

«ኮርኒሱስ?» አልኩ።

«የትኛው ኮርኒስ?»

«የንጉሡ መኝታ ቤት።»

ሊቀ ሚዛን መዘገቡት። «ነገ ጠዋት ይቀርባል» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሽማግሌ በአንሶላ የተጠቀለለ ሳንቃ ታቅፈው ገቡ። ጸጉራቸው ላይ የመጋዝ ዱቄት ነበር። ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዞረው «ያዘዘው ማነው?» አሉ። ከዚያ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በልጅነቴ ቀለም እየበጠበጡ በእንጨት ማንኪያ ጆሮዬን ይቀቡኝ የነበሩት እጆች ናቸው።

«ጥላዬ?» አሉ። «የአዱኛ ልጅ?»

«አዎ፣ ጋሽ ልሳኑ።»

«መቼ ገባህ?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ገብተህ፣ ቅዳሜ ድረስ እዚህ ወንበር ላይ!» ሳንቃውን አዩ፣ እኔን አዩ። ድምፃቸው ቀነሰ። «ይኸን ያዘዝከው አንተ ነህ እንዴ?»

ልዋሽ አሰብኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «መጋዙን ይዤ ስወጣ፣ ይኸን ያዘዘ እጁ ይቆረጥ ብዬ ነበር።»

«አሜን» አልኩ።

«ዝም በል። አሜን አይባልም።» አንሶላውን ራሳቸው ገለጡት።

ስለ ቀለሙ ምን እንደምል አላውቅም። እዚያ በሩቁ ያየኋቸው ሰማዮች ሁሉ ከሰዓት በኋላ ነበሩ፤ ይሄ ጠዋት ነበር። ትልቅ ነው ትንሽ ነው ብዬ የምመዝንበት ሚዛን ከእጄ ወደቀ። ወፎች ነበሩበት። አባቴ የወፎቹን ጀርባ አልሣለም፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው የበራሪ ወፍ ጀርባ አያይማ። ሆዳቸውን፣ የተኮራመተ እግራቸውን፣ ከሥር ሲያዩት ነጣ የሚለውን የክንፋቸውን ውስጥ ነው የሣለው። ከወፎቹ መሀል ደግሞ የወፍ ያልሆነ ነገር አለ፤ ሁለት ውስጥ እግሮች። የልጅ እግሮች፤ ተረከዛቸው አቧራ የነካው። በግራው ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ መሀል የተጎነጎነ ጠባሳ ይታያል። ያ ጠባሳ የጠርሙስ ስብርባሪ ረግጬ ያገኘሁት ነው። ዛሬም እግሬ ላይ አለ።

ሳንቃው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጧል። የመጋዙ ጥርስ ያረፈበት ጠርዝ ገና እርጥብ ይመስል ነበር።

«የቀረውስ?» አልኩ።

«ላይ ነው። ከሳንቃው ጋር ያልመጣው ሁሉ ላይ ነው።»

«ምን ይመስላል?»

«ምዬአለሁ እኮ።»

«ጋሽ ልሳኑ።»

እጃቸውን በአንሶላው ጠረጉ። አዳራሹን ቃኙ። «ከሥር ለሚያይ ፊት አይታይም» አሉ። «አገጭ ነው የሚታየው። ይስቃል።»

«በአገጭ ይታወቃል እንዴ?»

«አባትህ ከሠራው ይታወቃል። በል ከዚህ በላይ አታስለፍልፈኝ።»

በዚህ መሀል ወይዘሮ አስካለች ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳንቃው ላይ ጎንበስ አሉ። ብዙ አዩት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ በትሕትና። «ይሄ እግር ብቻ ነው። እግር ስለ ጉልበቱ ምን ይነግረኛል? እኔ ለመወሰን ጉልበቱንና ወገቡን ማየት ይኖርብኛል። አገጩንም፣ አሁን እንደሰማሁት።» ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «ከእርስዎ የተማርኩት ነው።»

«ግሩም ጥያቄ!» አሉ ሊቀ ሚዛን። «ሰኞ ይቀርባል።»

ጋሽ ልሳኑ ተነሡ። «ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው እኮ ነው የሣለው፤ በኪሎ የምትቸበችቡት ሥጋ አደረጋችሁት?»

«እርስዎ ጠባቂ ነዎት» አሉ ሊቀ ሚዛን ሳይቆጡ። «ናሙና መቁረጥ ከጥበቃ ሥራ ውስጥ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤዎ ላይ አለ።»

ያን ጊዜ ነው የናሙናዎቹን ረድፍ እንደገና ያየሁት። በሩን፣ ደረጃዎቹን፣ መስኮቱን። በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ በር ለምን ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ ገባኝ። የሚዘጋ መዝጊያ የለውም። መዝጊያው ከኔ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ሊቀ ሚዛን» አልኩ። «እኔ ‹ይታይ› ብል ምን ይሆናል?»

«አሁኑኑ ገብተው ያያሉ። የወይዘሮ አስካለችም ጥያቄ በተራው ይፈጸማል። ከሳቸው በኋላም ሌሎች አሉ፤ ያው እንደሚያዩት ተራው ረጅም ነው።»

«‹አይታይ› ብልስ?»

ትንሽ አሰቡ። የሚያውቁትን ደንብ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር። «ተራ ሰው ቢል ለራሱ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ምሉዕ ተጠራጣሪ ስለሆኑ ቃልዎ ለሁሉም ይጸናል። ቤቱ ይዘጋል፤ ናሙናዎቹም ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ለማይታይ ቤት ናሙና ምን ያደርጋል?»

«ጠባቂውስ?»

«ዝግ ቤት ያለ ጠባቂ ይሆናል እንዴ? እሳቸው እውስጥ ይሆናሉ። የፈረሰውን ይጠግናሉ፣ ውሃ እንዳይገባ ጣሪያውን ያያሉ።»

«እኔስ? አንድ ጊዜ እንኳን…»

«‹አይታይ› ያለ ሰው ያያል ማለት፣ ወዳጄ፣ ቃሉን ማፍረስ ነው» አሉኝ። እውነትም ያዘኑልኝ መሰሉ።

ስልሳ እርምጃ ነበር። ከዚያ ኮርኒስ ሥር ቆሜ፣ አንገቴን ጥዬ፣ አባቴ እንዴት አድርጎ እንዳየኝ አያለሁ። ስወጣም ወይዘሮ አስካለች ጉልበቴን ያስቆርጣሉ፤ ከሳቸው ኋላ ያለው ወገቤን፣ ከዚያ ኋላ ያለው ሳቄን። ሁሉም በትሕትና፣ ሁሉም ከኔ ተምሮ። ውሃ ጠየቅሁ፤ አመጡልኝ፤ ጠጣሁ። ጋሽ ልሳኑ አንገታቸውን ደፍተው ሳንቃውን በአንሶላ እየሸፈኑ ነበር፤ የተባባልነውን አልሰሙም።

«አይታይ» አልኩ።

ጋሽ ልሳኑ ቀና ብለው አዩኝ፤ ያን አስተያየት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። «በሰው ፊት?» አሉኝ። «የገዛ አባትህን ሥራ፣ በሰው ፊት?»

የልቤን ብነግራቸው ቃሌ አይጸናም፣ ቤቱም አይዘጋም። ሊቀ ሚዛን መዝገቡን ዘርግተው «ምክንያት» የሚለውን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። «ከናሙናው በቂ ማስረጃ አግኝቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ከተናገርኩትና ከጻፍኩት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው። ሊቀ ሚዛን አንብበው «እንዲህ ያለ ንጹሕ ምክንያት አይቼ አላውቅም» አሉና አጨበጨቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወይዘሮ አስካለች ትንሽ ተከፉ፤ አራት ወራቸውን አሰቡት መሰለኝ። ግን የመወሰኛ ቤት ሥራ አይፈታም። ቀትር ሳይሆን ከከተማው ውጭ ያለው ፏፏቴ መታየት ይገባው እንደሆነ ለመወሰን አዲስ መዝገብ ተከፈተ፤ ለናሙና የሚሆን ውሃም በበርሜል መጣ። ወይዘሮ አስካለች ጣታቸውን ነክረው «ይሄ ስለ ድምፁ ምን ይነግረኛል?» ሲሉ ሰማኋቸው።

የአውቶቡሴ ሰዓት አለፈ። እኔ ከተሸካሚዎቹ ጋር ሸክም ያዝኩ። መዝጊያውን፣ ደረጃዎቹን፣ ገንዳውን፣ መስኮቱን ከነመጋረጃው አሻገርን። ብርሌውን ሁለት ሰው እንዳይነቃነቅ ደግፎ አሻገረው። እኔ እስከ በሩ ደፍ ብቻ ነው የምደርሰው፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ ቃል ማፍረስ ነው። ጋሽ ልሳኑ ከውስጥ ሆነው እየተቀበሉ፣ የት የት እንደሚገባ ያዛሉ። እኔን አያናግሩኝም። አሥራ አራተኛው ደረጃ ሲገባ ግን እጃቸው ዘገየ። ወደ ኋላ ዞረው በየቦታው የገባውን አዩ። ቆመው ብዙ አዩ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሳይዞሩ። «አውቀህ ነው?»

ቀጣዩን ሸክም ወደ ደፉ አቀረብኩ።

«እኔ ደግሞ ሞኝ መስለኸኝ!»

«ነኝ እንጂ፣ ጋሽ ልሳኑ። ያስቆረጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እሱስ ነህ» አሉ። «እገጥመዋለሁ። መጋጠሚያው ግን ይታያል፤ ቁስል ነው። በዚያ ሰማያዊ አልደብቀውም፤ እኔ ብበጠብጠውም እንደ አባትህ የሚቀባው የለም።»

«ግድ የለም። ይታይ።»

የመጨረሻው ሸክም ሳንቃው ነበር። አንሶላው ተንሸራቶ አንደኛው ተረከዝ ወጣ ብሏል። እኔ በዚህኛው ጫፍ፣ እሳቸው በዚያኛው ያዝነው። ሳንቃው በደፉ ላይ፣ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ቆየ። ከሳቸው በስተጀርባ ኮሪደሩ ጨለም ይላል፤ መጨረሻው ላይ አንድ ክፍል ብርሃን ነበረበት። ወደዚያ እንዳላይ ሳንቃውን አየሁ።

«ያዝኩት» አሉ።

«ከባድ ነው፣ ጋሽ ልሳኑ።»

«ያዝኩት አልኩህ እኮ። ልቀቀው በቃ።»

ለቀቅኩት።